ቻርጅ አላደርግ ያለ ላፕቶፕ፦ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ምን ይፈትሹ?

ቻርጀሩ ተሰክቶ እያለ የባትሪው መጠን ከነበረበት ፈቀቅ አልል ሲል፣ ወይም ገመዱ በተነቀለ ቅጽበት ማሽኑ ድርግም ብሎ ሲጠፋ፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። ጥርጣሬው አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ ባትሪው ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚፈጠር እንከን ሁሉ ደግሞ በስክሪኑ ላይ የሚታየው በአንድ ዓይነት መልክ ነው። ባትሪ በእኛ ገበያ ርካሽ ዕቃ አይደለም፤ ተገዝቶና ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ጥፋቱ የቻርጀሩ ሆኖ ቢገኝ ገንዘብዎን የሚመልስልዎ ሻጭ ማግኘትም ያስቸግራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ምንም ወጪ ከማይጠይቀው ፍተሻ ይጀምርና ባትሪ መለወጥን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል።

ከሁሉም የሚቀድም አንድ ፍተሻ ግን አለ። ላፕቶፑን ዘግተው ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና በጎኑ በኩል ይመልከቱት። ከእግሮቹ አንዱ ጠረጴዛውን ካልነካ፣ ክዳኑ እንደ ወትሮው አልገጥም ካለ፣ ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሣ ወይም ሲጫኑት ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ፣ ወይም የኪቦርዱ መሐል ከፍ ብሎ ከታየ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሌላ ምንም ዓይነት ሙከራ አያስፈልግም። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ማሽኑን ያጥፉ፣ ባትሪውን አውጥቶ የሚለውጥ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ በመርፌ ተወግቶ አይተነፍስም፤ ሲወጋ የሚከተለው እሳት ነው።

ከሶኬቱ እስከ ቻርጀሩ

ቻርጀሩን ከዲቫይደር ላይ ነቅለው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለ፣ ሌላ ዕቃ ሲሠራበት ባዩት ሶኬት ላይ ይሰኩት። ዲቫይደሮች ውስጣቸው ቶሎ ይላላል፤ የስልክ ቻርጀር እያሠሩ የላፕቶፕን ግን በየመሐሉ ያቋርጣሉ። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ወደ ቻርጀሩ ሳጥን የሚሄደውን ገመድ ይመልከቱ። ይህ ገመድ በአብዛኛው ከሳጥኑ ላይ ተነቃይ ነው፤ በጉዞና በቦርሳ ውስጥ ሲንገላታ በከፊል ወጥቶ ይቆያል፤ ሲያዩት የገባ ይመስላል እንጂ አልገባም። እስከ መጨረሻው ድረስ ገፍተው ያስገቡት፤ ካልሆነም ተመሳሳይ ቀዳዳ ያለው የሌላ ዕቃ ገመድ ተውሰው ይሞክሩ። ባለ ሁለት ቀዳዳው በሬዲዮና በዲኮደር ላይ፣ ባለ ሦስቱ በሌሎች ላፕቶፖች ላይ ይገኛል።

ላፕቶፑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የቻርጀሩን ሳጥን ገልብጠው ጽሑፉን ቢያነቡ በኢንፑት መስመሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ያገኛሉ፤ ይህ ማለት ያው ቻርጀር በአሜሪካው 120 ቮልትም ሆነ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል ማለት ነው። የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ መለወጫ ነው። ጠፍጣፋዎቹ የአሜሪካ ጥርሶች በርካሽ መለወጫ ውስጥ ይላላሉ፤ ሲነካኩ የመንጣጣት ድምፅ ይሰማል፣ ፕላስቲኩም ይሞቃል። ከመለወጫው ጋር ከመታገል ይልቅ የሀገር ውስጥ ክብ ጥርስ ያለውን ተነቃይ ገመድ ገዝቶ መተካት የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

ሳጥኑ ላይ ትንሽ መብራት ካለ መልእክት አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚፈጠረው ድንገተኛ የቮልቴጅ ከፍታ የቻርጀሩን መከላከያ ስለሚያስነሣ፣ ቻርጀሩ የሞተ መስሎ ሊቀር ይችላል፤ በሁለቱም በኩል ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ መልሰው ሲሰኩት ብዙ ጊዜ ይነሣል። መብራቱ ከላፕቶፑ ሳይገናኝ በርቶ ሳለ ጫፉ ላፕቶፑ ውስጥ በገባበት ቅጽበት ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቻርጀሩ ላፕቶፑ ውስጥ ሾርት አግኝቶ ራሱን እየተከላከለ ሊሆን ስለሚችል ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ያሰፋል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው።

ቮልቱ ትክክል ሆኖ ቻርጅ የማያደርግ ቻርጀር

ሰውን ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። ቻርጀሩ በቴስተር ሲለካ 19.5 ቮልት ያሳያል፣ ላፕቶፑም በእሱ ይነሣና ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። እንዲህ ሲሆን ባትሪው ወዲያው ይፈረድበታል፤ የዴልና የኤችፒ ተጠቃሚ ግን ከመፍረዱ በፊት የቻርጀሩን ጫፍ በብርሃን አስጠግቶ ማየት አለበት። በክቡ ጫፍ መሐል አንዲት ቀጭን መርፌ ትታያለች። ይህች መርፌ ኃይል የምታስተላልፍ ሳትሆን ለላፕቶፑ «እኔ የዚህን ያህል ዋት ቻርጀር ነኝ» የሚለውን መለያ የምታደርስ ናት። መርፌዋ ከተጣመመች፣ ከተሰበረች፣ ወይም ገመዱ ከጫፉ አጠገብ በመታጠፍ ብዛት ውስጥ ውስጡን ተቆርጦ መለያው ካልደረሰ፣ ላፕቶፑ ያልታወቀ ቻርጀር እንደተሰካበት ይቆጥርና ለራሱ መሥሪያ የሚሆነውን ብቻ ወስዶ ባትሪውን መሙላት ያቆማል። የማሽኑ ፍጥነትም አብሮ ሲወርድ ይታያል፤ ላፕቶፑ ቻርጅ ካለማድረጉ በተጨማሪ ቻርጀር ሲሰካ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጠንካራ ፍንጭ አግኝተዋል።

ይህን በዓይን ለማረጋገጥ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ፣ መግባት ይበቃል። ዴል ሲነሣ ኤፍ2ን ደጋግመው ይጫኑና የባትሪ መረጃ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ የቻርጀሩ ዓይነት 65 ዋት ወይም 90 ዋት ተብሎ ከተጻፈ ላፕቶፑ አውቆታል፤ ያልታወቀ የሚል ቃል ካለ ጥፋተኛው ወይ ቻርጀሩ ወይ የሚሰካበት ጉድጓድ እንጂ ባትሪው አይደለም። ብዙ ጊዜም ዴል ገና ሲነሣ የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ያወጣል፤ ሰው ግን ኤንተር ተጭኖ ያልፈውና ይረሳዋል። ብዙ ጫፍ የሚቀያየርላቸው ሁሉን አቀፍ የሚባሉት ቻርጀሮች ደግሞ ይህን መለያ ብዙ ጊዜ ስለማይዙ ጫፋቸው በትክክል ቢገጥምም ለእነዚህ ማሽኖች አይመከሩም።

ሌላው ጉዳይ የዋቱ መጠን ነው። በሳጥኑ ላይ በአውትፑት መስመር የተጻፉትን ቮልትና አምፔር ያባዙ፤ 19.5 ቮልት በ3.34 አምፔር 65 ዋት፣ በ4.62 አምፔር ደግሞ 90 ዋት ይሆናል። 90 ዋት የሚፈልግ ማሽን በ45 ዋት ቻርጀር ሲሰካ ወይ ጨርሶ አይሞላም፣ ወይ ሲጠፋ ብቻ ይሞላል፤ ስለዚህ ላፕቶፑን አጥፍተው ለአንድ ሰዓት ያህል ሰክተው ያቆዩት፤ ጠፍቶ ከሞላ፣ በርቶ ካልሞላ ቻርጀሩ አቅም አንሶታል። ቻርጀር ሲተኩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ መሆን ይኖርበታል። አምፔሩ መብለጡ ላፕቶፑን አይጎዳም፤ ላፕቶፑ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው።

ቴስተር ያለው ሰው ጫፉን መለካቱ መልካም ቢሆንም የተዳከመ ቻርጀር ጭነት ሳይኖርበት፣ ማለትም ላፕቶፕ ሳይሰካበት፣ ትክክለኛውን ቮልት እያሳየ ጭነት ሲመጣበት ሊወድቅ ይችላል። ከቴስተሩ ይልቅ እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው ተመሳሳይ ላፕቶፕ ካለው ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ የሚሠራ ቻርጀር ለግማሽ ሰዓት መዋስ ነው።

በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉ ላፕቶፖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በእነዚህ ላይ ቻርጀሩና ላፕቶፑ ኃይል ከመተላለፉ በፊት በገመዱ በኩል ይነጋገራሉ፤ ንግግሩ ከ5 ቮልት ተነሥቶ ብዙ ላፕቶፖች ወደሚፈልጉት 20 ቮልት የሚደርሰው ሁለቱም ሲችሉ ብቻ ነው። የስልክ ቻርጀር ጫፉ ስለገጠመ ብቻ ላፕቶፕ አይሞላም። ገመዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፦ ተራው ገመድ 3 አምፔር ስለሚሸከም በ20 ቮልት ከ60 ዋት አያልፍም፣ ከዚያ በላይ የሚያስተላልፈው ገመድ መለያ ቺፕ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ካሉት ሁለት የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች አንዱ ለመረጃ ብቻ የተሠራ በመሆኑ፣ አጠገቡ የሶኬት ወይም የባትሪ ምልክት ያለበትን ይምረጡ። ቀዳዳው ውስጥ የኪስና የቦርሳ ብናኝ ተጠቅጥቆ ጫፉን እስከ መጨረሻ አላስገባ ካለ፣ ማሽኑን አጥፍተው በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ በቀስታ ያውጡት፤ መርፌና ስፒል አያስገቡ።

መሰኪያው

የሚሠራ ቻርጀር ተውሰው ለውጥ ካላገኙ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፑ መሰኪያ ያልፋል። ቻርጀሩን ሰክተው የቻርጅ ምልክቱን እያዩ ጫፉን በጣም በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ገመዱን በአንድ አቅጣጫ ካልያዙት የማይሞላ ከሆነ መሰኪያው ላልቷል ወይም ብየዳው ተሰንጥቋል። ብዙ ሰው ከገመዱ ሥር ወረቀት አጥፎ ወይም መጽሐፍ ደግፎ ወራት ያሳልፋል፤ ይህ አይመከርም፣ ምክንያቱም በላላ መገናኛ ላይ የሚፈጠረው ብልጭታ ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱም በትንሽ ወጪ የሚስተካከለውን መሰኪያ ወደ ማዘርቦርድ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ጥገና ይለውጠዋል። በብዙ የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች ላይ መሰኪያው ከአጭር ገመድ ጋር ለብቻው የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ በሌሎች ላይ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ብየዳ የሚችል እጅ ይፈልጋል።

ላፕቶፑ ራሱ ሲከለክል

ባትሪው 60 ወይም 80 በመቶ ደርሶ ቀጥ ካለ ምናልባት ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሞልቶ ሲቀመጥ ቶሎ ስለሚያረጅ አምራቾች ሙሌቱን የሚገድብ ማስተካከያ ያስገባሉ፦ በሌኖቮ ላይ ቫንቴጅ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድ፣ በአሱስ ላይ ማይአሱስ ውስጥ፣ በዴልና በኤችፒ ላይ ባዮስ ውስጥ ይገኛል። በተለይ ከውጭ ሀገር መሥሪያ ቤቶች ወጥተው እንደ አዲስ የሚሸጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ይህ ገደብ በቀድሞው ባለቤት እንደተደረገባቸው ይመጣሉ፤ ባዮስ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ዊንዶውስ እንደገና ቢጫንም አይጠፋም። ሻጩ «ባትሪው ትንሽ ደክሟል» ብሎ ዋጋ የቀነሰበት ማሽን ባዮሱ ሲስተካከል እስከ 100 የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሲገጥም ለሻጩ መንገር አለመንገር የገዢው ፈንታ ነው።

ሙቀትም ይከለክላል። ሊቲየም ባትሪ በአብዛኛው ቻርጅ እንዲደረግ የሚፈቀደው ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ውስጥ ነው። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ወይም በድሬዳዋና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ላፕቶፕ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት መኪና ውስጥ ያደረ ደግሞ በተቃራኒው በብርዱ ምክንያት አይሞላም። ማሽኑን አጥፍተው በክፍል ሙቀት ለአንድ ሰዓት ካቆዩት በኋላ ይሞክሩት።

በላፕቶፑ ውስጥ ቻርጅ ማድረጉን የሚመራ አነስተኛ መቆጣጠሪያ አለ፤ ዊንዶውስ ሲጠፋም እሱ አይጠፋም፣ ከባትሪውም ከቻርጀሩም ኃይል እያገኘ የተሳሳተ ሁኔታ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህን ለማራገፍ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፣ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ባትሪው እንደወጣ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ያብሩት፤ ከተነሣ ቻርጀሩና መሰኪያው ቢያንስ ኃይል ማድረሳቸው ተረጋገጠ። ዳግመኛ አጥፍተው ባትሪውን ይመልሱ። በብዙ የሌኖቮ ቲንክፓዶች ላይ ባትሪው ውስጥ የተገጠመ ስለሆነ ከታች በኩል አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ቻርጀሩን ነቅለው በቀጥተኛ የወረቀት ማያያዣ ጫፍ ውስጧ ያለውን ቁልፍ መጫን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እርምጃው ቀላል ቢመስልም ወጪ የለውምና ሳይሞከር መታለፍ የለበትም።

ከዚህ በኋላ በዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ ባተሪስ በሚለው ሥር ማይክሮሶፍት ኤሲፒአይ ብሎ የሚጀምረውንና ባተሪ ብሎ የሚያበቃውን መስመር በቀኝ ጠቅ አድርገው አንኢንስቶል ይበሉ፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲነሣ ዊንዶውስ መልሶ ይጭነዋል። ባዮስን ማደስም አንዳንዴ ይፈታል፤ ሆኖም ባትሪው የማይሠራ ላፕቶፕ ላይ ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አይሞክሩት።

ባትሪው ሲመረመር

ዊንዶውስ የባትሪውን ታሪክ መዝግቦ ይይዛል። በኮማንድ ፕሮምፕት መስኮት ውስጥ ፓወርሲኤፍጂ የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ክፍት ቦታ ትተው ስላሽና ባተሪሪፖርት የሚለውን አያይዘው ያስከትሉና ኤንተር ይጫኑ፤ ሪፖርቱ የተቀመጠበትን ቦታ መስኮቱ ራሱ ያሳይዎታል። በሪፖርቱ ውስጥ ሁለት ቁጥሮችን ያነጻጽሩ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ አሁን መያዝ የሚችለው ነው። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 21,500 ቢሆን ከአቅሙ የቀረው 43 በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለው ባትሪ ቢሞላም ቶሎ ስለሚያልቅ መለወጡ ተገቢ ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ሆነው ባትሪው ካልሞላ ግን ወደ ቻርጀሩና መሰኪያው ተመልሰው እንደገና ይፈትሹ። በማክቡክ ላይ ይኸው መረጃ በሴቲንግስ ውስጥ በባተሪ ሥር ይገኛል፤ ሰርቪስ ሪኮሜንድድ የሚል ከታየ አቅሙ ወርዷል ወይም በትክክል እየሠራ አይደለም። አፕል ለአብዛኞቹ ዘመናዊ ማክቡኮች የሰጠው የዙር፣ ማለትም የባትሪው ሙሉ አቅም አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚያልቅበት ቆጠራ፣ ገደብ 1,000 ነው።

ለወራት ባዶውን ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ላፕቶፕ ወዲያውኑ መሙላት ላይጀምር ይችላል። እያንዳንዱ የባትሪ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከ3 ቮልት በታች በጣም ሲወርድ መቆጣጠሪያው በጥቂት ኃይል ብቻ ቀስ አድርጎ ለማንሣት ይሞክራል፣ በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ 0 በመቶ ብቻ ይታያል። ላፕቶፑን አጥፍተው፣ እርስዎ ባሉበት ክፍል፣ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓታት ይሰኩት፤ ማታ ተኝተው አይተዉት። ከዚያ በኋላም ምንም ለውጥ ከሌለ የባትሪው ቺፕ ራሱን በቋሚነት ቆልፎ ይሆናል። አንዳንድ ቦታ እንዲህ ያለውን ባትሪ በቀጥታ ኃይል ሰጥቶ የማስነሣት ወይም ሴሎቹን ብቻ የመቀየር ሥራ ይሠራል። እኔ አልመክረውም። ቺፑ የቆለፈው ሴሉ አስጊ ሆኖ ስላገኘው ነው፤ አዲስ ሴል ቢበየድበትም መቆለፊያውን ሳይፈቱ ባትሪው አይሠራም።

መግዛት ከሆነ

የሚገዛውን ባትሪ በላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻ አይምረጡ። አንድ ዓይነት ስም ያለው ላፕቶፕ በ11.4 ቮልት ወይም በ15.2 ቮልት ባትሪ ሊሠራ ይችላልና፣ አሮጌው ባትሪ ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር፣ ቮልቱንና ዋት ሰዓቱን (የሚይዘውን የኃይል መጠን) በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ወደ ገበያ ይሂዱ። የተመረተበትን ጊዜም ይመልከቱ፤ ሊቲየም ባትሪ ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም ስለሚያረጅ ዓመታት ያስቆጠረ «አዲስ» ባትሪ አዲስ አይደለም። ሱቁ ውስጥ አስገጥመው ሲሞላም ሲሠራም ካዩ በኋላ ይክፈሉ።

ከውጭ በዘመድ በኩል የሚያስመጡ ከሆነ መንገደኛው ባትሪውን በእጅ ሻንጣው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳያስገባ ይንገሩት። በአየር መንገዶች ደንብ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚደርስ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ይፈቀዳል፣ መገናኛዎቹ ግን በፕላስተር ወይም በራሱ ማሸጊያ መሸፈን አለባቸው። ያበጠ ወይም የተጎዳ ባትሪን በአውሮፕላን መላክ ክልክል ነው።

የሚሠራ ቻርጀርም የሚሠራ ባትሪም ተሞክሮ ላፕቶፑ አሁንም ካልሞላ ጉድለቱ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የቻርጅ ክፍል ነው። ለዚህ የሚመረጠው ባለሙያ ክፍሉን በመለኪያ ፈትሾ የተቃጠለውን አነስተኛ ዕቃ ብቻ የሚተካ ነው፤ ሳይለካ «ቦርዱ ይለወጥ» የሚል ከሆነ ሌላ ዘንድ ያሳዩት። የጥገናው ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ከተገኘ ላፕቶፑን በቻርጀር ብቻ እንደ ዴስክቶፕ እያሠሩ መቀጠል ይቻላል። በዚህ ጊዜ የሞተውን ባትሪ አስወጥተው፣ ለመብራት መቆራረጡ አነስተኛ ዩፒኤስ ያዘጋጁ፤ አንዳንድ ሞዴሎች ግን ባትሪ ሲወጣባቸው ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ፣ ዩፒኤሱን ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑን ለአንድ ቀን ያለ ባትሪ ሠርተውበት ይዩት።